ጠዋት ሲነሳ ጠቅ ጠቅ የሚል ሞተር፣ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋል፤ እውነት ቢየላ ነው?

ሾፌሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሞተር ድምፅ ለይታችሁ የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ሀሳቤ ሁሉ እዚህ መኪና ላይ ነው። ባለ 4 ሲሊንደር 1.6 ሊትር ቤንዚን ናት፣ ካምቢዮዋ ማንዋል ነው፣ 180 ሺ ኪሎሜትር ገደማ ሄዳለች። ቆማ አድራ ጠዋት ስትነሳ ከኮፈኑ ስር ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ አለ፣ የልብስ ስፌት መኪና በፍጥነት ሲሰፋ እንደሚለው አይነት፣ ሚኒሞ ላይ ቀስ ይላል ነዳጅ ስሰጣት ይፈጥናል ደግሞም ይጎላል፣ በተለይ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ረገጥ ሳደርጋት በግድግዳ አጠገብ ሳልፍ ተመልሶ በመስኮት ይገባልኛል። ከዛ 10 ደቂቃ ያህል ከነዳሁ በኋላ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጭራሽ ይጠፋል፣ ቀኑን ሙሉ ብነዳት አይመለስም፣ ማታ ቆማ አድራ ጠዋት እንደገና ያው ነው።

ሶስት ሰው አሳየሁ ሶስቱም የተለያየ ነገር ነው ያሉኝ። አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለቴ ነዳጅ ሰጥቶ ወዲያው "ቢየላ ነው (ፒስቶኑን ከታች ከሚዞረው ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ብረት)፣ ሞተሩ ወርዶ ይከፈታል" አለኝ። ሌላኛው ቫልቭ ነው አለ፣ ሶስተኛው ወፍራም ዘይት አርጊበት ይተዋል አለኝ። ዘይት ከቀየርኩ 3 ሺ ኪሎሜትር አልሞላኝም፣ የዘይት መብራት በርቶብኝ አያውቅም። ሞተር ማስከፈት ከሆነ ግዴታው ይከፈት ግን እርግጠኛ ሳልሆን እንዲነካ አልፈልግም። ምን ትላላችሁ?

ካንዴላ4፦

እህቴ ከሁሉ በፊት የዘይቱን መለኪያ አውጥተሽ እዪው፣ መብራቱ አልበራም ማለት ዘይት አለ ማለት አይደለም እኮ፣ ያ መብራት የሚበራው ግፊቱ በጣም ሲወርድ ነው፣ እስከዛ ድረስ ዘይቱ ከሚኒመም በታች ወርዶ ሊሆን ይችላል። ሜዳ ቦታ ላይ አቁመሽ፣ ሞተሩን አጥፍተሽ ትንሽ ደቂቃ ጠብቂ፣ ዘንጉን አውጥተሽ ጥረጊውና መልሰሽ ከተሽ አውጪው፣ መጀመሪያ ስታወጪው የምታዪው ውሸት ነው።

ይሄን የምልሽ በራሴ ስለደረሰብኝ ነው። የኔ መኪና ዱቅ ዱቅ ማለት ስትጀምር "ነገ አሳያታለሁ" እያልኩ ሁለት ሳምንት ነዳኋት፣ ሬድዮ ከፍ አድርጌ ነበር የምሄደው ድምፁን ላለመስማት፣ እውነቴን ነው። አንድ ቀን ዳገት ላይ ባ!! ብሎ ቆመ፣ ቢየላው ተበጥሶ ብሎኩን በስቶት ወጥቶ ነበር፣ አስፋልቱ ላይ ዘይቱ ሲፈስ ቆሜ አየሁ። ዘይቱ ጎድሎ ኖሮ አንዴ እንኳ መለኪያውን አላወጣሁትም። ብሎኩ ከተበሳ የሚጠገን ነገር የለም፣ ሙሉ ሞተር ነው የተቀየረው። ስለዚህ ቢየላ ከሆነ አንድ ኪሎሜትርም አትንጂያት፣ ግን ያንቺ ገለፃ ከኔ ጋር አይመሳሰልም፣ የኔ ሲሞቅ ነበር የሚብሰው።

ጎማና_መንገድ፦

ወፍራም ዘይት አርጊበት ያለሽ ሰው ልክ ነው፣ እኔም 20ደብልዩ 50 አድርጌ ድምፁ ጠፍቶልኛል።

ድሮመካኒክ፦

ወንድሜ ጎማና መንገድ፣ ድምፁ ጠፋ ማለት ችግሩ ጠፋ ማለት አይደለም፣ ወፍራሙ ዘይት ክፍተቱን ሞልቶ ድምፁን አፈነልህ እንጂ የተበላውን ብረት አልመለሰውም። 5ደብልዩ 30 ተብሎ የተሰራ ሞተር ላይ 20ደብልዩ 50 ስታደርግበት ጠዋት ቀዝቃዛ ሆኖ ሲነሳ ዘይቱ ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል፣ ሞተር ደግሞ በብዛት የሚበላው እዛች ሰዓት ላይ ነው። የመኪናው መመሪያ መፅሀፍ የሚያዘውን ማድረግ ይሻላል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ እህቴ ሾፌሯ። ጥያቄሽን በደንብ ነው ያስቀመጥሽው፣ መቼ እንደሚጀምር፣ መቼ እንደሚጠፋ፣ ምን ስታደርጊ እንደሚጎላ ፅፈሻል፣ የስራው ግማሽ እሱ ነው። ጋራዥ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ያለጥፋቱ የተከፈተ ሞተር ደጋግሜ አይቻለሁ፣ ሁሌም ያንገበግበኛል። ሞተር አንዴ ከተከፈተ መልሶ እንደነበረ መሆኑ በገጣሚው እጅ ነው፣ ስለዚህ ድምፁ ከየት እንደሚወጣ ሳይታወቅ መፍቻ ማንሳት የለበትም ማንም።

ቢየላ ሲመታ ድምፁ ከታች ነው የሚመጣው፣ ወፍራም ነው፣ ጠቅ ሳይሆን ዱቅ ነው የሚለው፣ መዶሻ በጨርቅ ጠቅልለሽ ብረት ስትመቺበት እንዳለው። እና ሲሞቅ ይብሳል እንጂ አይጠፋም። ለምን ብትዪኝ በብሮንዚኑ (ቢየላው ዘንጉን በሚይዝበት ቦታ ያለው ስስ ብረት) እና በክራንክሻፍቱ (ከታች የሚዞረው ዋና ዘንግ) መሀል ያለውን ክፍተት ይዞ ያለው ዘይት ነው፣ ዘይት ሲሞቅ ደግሞ ይቀጥናል፣ የተበላ ብሮንዚን ላይ የቀጠነ ዘይት ብረቱን ከብረት መለየት ያቅተዋል። 2000፣ 2500 ዙር ላይ ይዘሽ ነዳጁን ድንገት ስትለቂው ነው በደንብ የሚሰማው። ያንቺ ተቃራኒው ነው።

ቀዝቃዛ ላይ ኖሮ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ እኔ በመጀመሪያ የማስበው ሶስት ነገር ነው። አንደኛው ሀይድሮሊክ ታፔት፣ ዘይት ሞልቶት ቫልቩን የሚገፋው፣ ሌሊት ዘይቱ ወርዶበት ጠዋት እስኪሞላ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ቶሎ ይተዋል፣ 10 ደቂቃ በጣም ረጅም ነው። ሁለተኛው የፒስቶን ነው፣ ፒስቶኑ አሉሚኒየም ስለሆነ ሲቀዘቅዝ ይጠብና ሲሊንደሩ ውስጥ ግራና ቀኝ ይመታል፣ ሲሞቅ ይሰፋና ቦታውን ይሞላል፣ ድምፁ ግን ባዶ ጣሳ ሲንኳኳ አይነት ነው። ሶስተኛው ሞተሩ ውስጥ እንኳ ያልሆነ ነገር ነው፦ የጭስ ማኒፎልድ፣ ያ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ ጭሱን ተቀብሎ ወደ ማርሚታ የሚያወርደው ብረት። ጓርኒሲዮኑ (በመሀላቸው ያለው ማሸጊያ) ከተቃጠለ ወይ አንድ ብሎን ከተበጠሰ በዛ በጠባቧ ክፍተት ጭሱ በግፊት ሲወጣ ልክ እንደ ብረት ነው ጠቅ ጠቅ የሚለው፣ ብረቱ ሲሞቅ ይሰፋና ክፍተቱን ራሱ ይዘጋዋል፣ ድምፁም ይጠፋል። ስትረግጪያት መጉላቱ፣ ከግድግዳ ተመልሶ መምጣቱ፣ እኔን ወደዚህ ነው የሚወስደኝ፣ ግን በፅሁፍ ብቻ አልፈርድም።

እንዲህ አርጊ። ነገ ጠዋት ገና ቀዝቃዛ እያለች አስነሺና በስልክሽ ድምፁን ቅጂው፣ ስትቀጂ የዙር ቆጣሪው ስንት ላይ እንዳለ ያዢ፣ ከዛ ቅጂውን አዘግይተሽ ቁጠሪው። ይሄ ሞተር ባለ አራት ምት ነው፣ ክራንክሻፍቱ ሁለት ዙር ሲዞር ቫልቮቹን የሚከፍተው ካምሻፍት አንድ ዙር ብቻ ነው የሚዞረው፣ አንድ ሲሊንደርም በሁለት ዙር አንዴ ነው የሚያቃጥለው። ቆጣሪው በደቂቃ 800 ዙር ላይ ካለ በአንድ ሲሊንደር ጭስ ወይ በአንድ ቫልቭ የሚመጣ ድምፅ በደቂቃ 400 ነው፣ በሰከንድ ከ6 እስከ 7። ከክራንክሻፍቱ ጋር በየዙሩ የሚመታ ነገር ግን በሰከንድ 13 ገደማ ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ቢየላም አንዳንዴ ሲያቃጥል ብቻ ጎልቶ ይመታልና፣ ግን አቅጣጫ ያሳይሻል።

ከዛ አንድ ሜትር የምታህል የጎማ ቱቦ ፈልጊ፣ አንዱን ጫፍ ጆሮሽ ጋ ያዢ ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ዙሪያ እያዞርሽ አዳምጪ። ብዙ ሰው ረጅም ካቻቢቴ ነው የሚጠቀመው፣ ካቻቢቴ ጥሩ ነው ግን በብረት ውስጥ የሚሄደውን ድምፅ ነው የሚያመጣልሽ፣ ቫልቭ፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ። በአየር የሚወጣን የጭስ ድምፅ የምትይዢው በቱቦ ነው። ፀጉርሽን እሰሪው፣ ነጠላም ሻርፕም አውልቂ፣ ከቺንጊያውና ከቬንቲላተሩ ራቂ፣ ቬንቲላተሩ የኤሌክትሪክ ከሆነ ሳታስቢው ራሱ ሊነሳ ይችላል።

ሾፌሯ፦

ጋሼ ድሮመካኒክ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ አርጎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ዛሬ ጠዋት ከወንድሜ ጋር ሞከርነው። መለኪያው ላይ ዘይቱ ሙሉ ነው። ስትነሳ ቆጣሪው 1200 ላይ ነበር፣ ቅጂውን አዘግይተን ሁለታችንም ለየብቻ ቆጠርነው፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ እኔ 49 እሱ 51 አገኘን፣ በሰከንድ 10 ማለት ነው፣ በደቂቃ 600፣ የዙሩ ግማሽ! በቱቦው ደግሞ ላይኛው የቫልቭ ክዳን ላይ ብዙም የለም፣ ከሞተሩ ጀርባ ወደታች፣ ያ ስስ ቆርቆሮ የሸፈነው ጋ ስናስጠጋው ጆሮዬን እስኪያመኝ ነው የሚመታው፣ በተለይ ወደ ካምቢዮው በኩል ያለው ጫፍ ላይ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ይገናኝ አይገናኝ ባላውቅም። ከወር ወዲህ ነዳጅ ትንሽ መብላት ጀምራለች። ጠዋት ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት ሳደርስ ደግሞ ማሞቂያውን ከፍቼ ስለምሄድ ነው መሰለኝ መኪናው ውስጥ የጭስ ሽታ ነገር አለ፣ ልጄም ራሴን አመመኝ ትለኛለች፣ ስትወርድ ይተዋታል።

ድሮመካኒክ፦

ልጄ ይሄን መጀመሪያ ነበር መንገር የነበረብሽ። ከዛሬ ጀምሮ እስኪሰራ ድረስ ህፃኗን በዛች መኪና አትጫኛት። የግድ መንቀሳቀስ ካለብሽ ወደ ጋራዥ ብቻ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተሽ፣ ማሞቂያውን ዘግተሽ። ማኒፎልዱ ቴስታታው ጎን ላይ የታሰረ ነው፣ የማሞቂያው አየር መግቢያ ደግሞ ከኮፈኑ ጀርባ መስታወቱ ስር ነው፣ የሚያፈሰውን ጭስ እሱ ስቦ እናንተ ጋ ያስገባዋል። ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለ፣ እሱ ራሱ ሽታ የለውም ቀለም የለውም፣ እናንተ የሸተታችሁ አብሮት ያለው ነው። ራስ ምታት የመጀመሪያው ምልክቱ ነው፣ ማዞር ማቅለሽለሽ ይከተላል፣ ሲበዛ ሰው እንደተኛ ይቀራል። ልጅሽን አሁንም ካመማት ወይ ካዞራት ሀኪም ጋ ውሰጃትና ጭስ እንደነበረ ንገሪያቸው፣ በደም ምርመራ ያዩታል።

ነዳጅ መብላቷም ይገናኛል። ጭሱ በክፍተቱ ሲወጣ በምቶቹ መሀል ደግሞ የውጭ አየር ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ከሱ ቀጥሎ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ያንን አየር ያይና ነዳጅ ያነሰ ይመስለዋል፣ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል።

እርግጠኛ ለመሆን ሁለት ነገር ቀረሽ። ሞተሩ ቀዝቃዛ እንዳለ አስነሱና የአራተኛውን ሲሊንደር፣ የካምቢዮ በኩል ያለውን ማለቴ ነው፣ የኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) ሶኬት ንቀሉት፣ ብልጭታ የሚሰጠውን ኮይል አትንቀሉ፣ ኮይል ከነቀላችሁ ያልተቃጠለ ነዳጅ ጭስ ወደሚያጣራው ካታላይዘር ይሄዳል፣ የኮይሉም ኤሌክትሪክ አደገኛ ነው። የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል አትደንግጡ። ድምፁ ምንም ካልተለወጠ ቫልቭ ሊሆን ይችላል፣ ከጠፋ ወይ በጣም ከቀነሰ በዛ ሲሊንደር ላይ ከማቃጠሉ ጋር የተያያዘ ነው። ከዛ ሞተሩ ጠፍቶ በደንብ ሲቀዘቅዝ ቫኪዩም ክሊነር ካላችሁ አየር በሚተፋበት በኩል ማርሚታው ጫፍ ላይ ግጠሙትና በጨርቅ ክበቡት፣ የሳሙና ውሃ ማኒፎልዱ ቴስታታው ላይ በተጋጠመበት መስመር ላይ እርጩ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ እሱ ነው። ያደረ፣ ቀዝቃዛ መኪና ላይ መሆን አለበት፣ ከሞቀ ክፍተቱ ይዘጋና ምንም አታዩም፣ ብዙ መካኒክ ያልያዘው ለዚህ ነው፣ መኪናው ጋራዥ የሚደርሰው ሞቆ ነው።

ሌሊት_ነጂ፦

ይቅርታ በመሀል ስገባ፣ የኔ ጠቅ ጠቅ ሳይሆን ጠዋት ሲነሳ ጭው ብሎ የሚጮህ ነው፣ መሪውን እስከ መጨረሻ ስጠመዝዘውም ይጮሃል። ይሄ ምን ይሆን?

ካንዴላ4፦

ያንተ ቺንጊያ ነው ወንድሜ። ሞተሩ እየሰራ በፕላስቲክ ጠርሙስ ትንሽ ውሃ ከርቀት ቺንጊያው ላይ ርጭ አርግበት፣ ጩኸቱ ከባሰ ላልቷል ወይ ወጣሪው ደክሟል፣ ለጊዜው ጠፍቶ ከተመለሰ ፑሌጃዎቹ (ቺንጊያው የሚዞርባቸው መንኮራኩሮች) አንድ መስመር ላይ አይደሉም። ጩኸት ሳይሆን እንደመፍጨት ያለ ከሆነ ደግሞ የዲናሞ ወይ የውሃ ፖምፓ ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፣ ቺንጊያውን አውልቀህ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ አስነሳው፣ ከጠፋ ከዛ መስመር ነው። ከጥቂት ሰከንድ አታሳልፈው፣ የውሃ ፖምፓው በዛው ቺንጊያ የሚዞር ከሆነ ሞተሩ ይግላል።

ሾፌሯ፦

ተገኘ!! እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምፅፈው።

ልጄ ደህና ናት፣ የዛኑ ቀን ሀኪም አይቷት ምንም የለም ብሎናል፣ ከዛ ቀን ወዲህም በሌላ መኪና ነው የምትሄደው፣ ራስ ምታቱም አልተመለሰም። መኪናዋን በተመለከተ የአራተኛውን ኢንጀክተር ስንነቅል ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ጠቅ ጠቁ ግን ወዲያው ጠፋ ማለት ይቻላል፣ ስንሰካው ተመለሰ፣ ሶስት ጊዜ ደገምነው። በነጋታው በሳሙናው ሞከርን፣ ወንድሜ ከኋላ ቫኪዩሙን ይዞ እኔ ከፊት በባትሪ እያበራሁ፣ በአንደኛው በሁለተኛው በሶስተኛው ምንም የለም፣ አራተኛው ጋ ስደርስ ከጥግዋ ትናንሽ አረፋ ተግተልትሎ ወጣ፣ እንደ ህፃን ልጅ ምራቅ። ቆርቆሮውን ፈተን ስናየው ብረቱ ላይ ከክፍተቱ ጀምሮ እንደ ማራገቢያ የተበተነ ጥቁር ጥላሸት አለ፣ የመጨረሻው ብሎን ደግሞ ዳዶው የለም፣ ብሎኑ ከቴስታታው እኩል ሆኖ ተበጥሷል። ሞተር ይወርዳል የተባለው በዚህች ነው ብዬ ሳስብ ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

የተበጠሰውን ብሎን እንዴት ነው የሚያወጡት? ወንድሜ በድሪል ይበሳ እያለ ነው፣ እኔ ግን ፈራሁ።

ድሮመካኒክ፦

ደግ ፈራሽ። ልጅሽም ደህና በመሆኗ በጣም ደስ ብሎኛል። ቴስታታው አሉሚኒየም ነው ብሎኑ ብረት ነው፣ በእጅ የተያዘ ድሪል ከጠንካራው እየተንሸራተተ ወደ ለስላሳው ነው የሚሄደው፣ ቀዳዳው ከተበላሸ ያኔ ነው በእውነት ቴስታታው የሚወርደው። ይሄን ብየዳ የሚችል ሰው ይስራው። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ተረጭቶበት ይደር፣ ከዛ የተበጠሰው ጫፍ ላይ አዲስ ዳዶ ይቀመጥና በመሀሉ ይበየድ፣ የብየዳው ሙቀት ራሱ ብሎኑን ከቴስታታው ያላቅቀዋል፣ ትንሽ ሲቀዘቅዝ በመፍቻ ወዲያና ወዲህ ቀስ እያደረጉ ማውጣት ነው፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ መታገል ድጋሚ ይበጥሰዋል። ከብየዳው በፊት ባትሪው ይነቀል፣ ኮምፒውተሩን እንዳይጎዳ።

የጫፍ ብሎን መበጠሱ አይግረምሽ፣ ማኒፎልዱ ሲሞቅ በርዝመቱ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ከመሀል የራቀው ነው ብዙ የሚንቀሳቀሰው። ስለዚህ ማኒፎልዱ ሲወርድ ፊቱ ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ብረት ተጋድሞበት ይታይ፣ ከስሩ ብርሃን ካሳለፈ ተጣሟል ማለት ነው፣ ካልተላገ አዲሱም ጓርኒሲዮን ይቃጠላል። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፣ ሌሎቹ ብሎኖችና ዳዶዎችም አብረው ይቀየሩ፣ እድሜያቸው እኩል ነው። ሲጠብቅ ከመሀል ጀምሮ ወደ ጫፎቹ፣ በአንዴ ሳይሆን በሁለት ሶስት ዙር፣ በቶርክ መፍቻ መመሪያው በሚለው ልክ።

ሾፌሯ፦

ተሰራ። ልክ እንዳሉት ዳዶ በይዶበት በሁለተኛው ሙከራ ወጣለት፣ ማኒፎልዱ አራተኛው ጋ ትንሽ ተጣሞ ስለነበር ተልጎ ነው የተመለሰው። ዛሬ ጠዋት ያደረ ሞተር አስነስቼ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ግድግዳው አጠገብ ቆምኩ፣ የሞተሩ የራሱ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። በሳሙናውም ደግመን አየነው፣ አረፋ የለም። ልጄን ከነገ ጀምሮ በሷ ላድርሳት ወይስ ልጠብቅ?

ድሮመካኒክ፦

ሶስት አራት ቀን ብቻሽን ንጂያት፣ ጠዋት ማሞቂያውን ከፍተሽ ሽታ ካለ አረጋግጪ። ሞቃ ቀዝቅዛ ሞቃ ቀዝቅዛ አዲሱ ጓርኒሲዮን ይቀመጣል፣ ያኔ መመሪያው የሚፈቅድ ከሆነ ያደረ ሞተር ላይ ዳዶዎቹን በቶርክ መፍቻው አንዴ ያስጠብቁልሽ። ቆርቆሮውን መልሰው መግጠማቸውንም እዪ፣ አንዳንዱ ይተወዋል፣ በአጠገቡ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ከሙቀቱ የሚከልለው እሱ ነው። ከዛ ጠዋት ላይ ድምፅም ሽታም ከሌለ ልጅሽን አድርሻት።